የዩኒቨርሲቲ ምርጫን በመጨረሻ ሰዓት ስለ መለወጥ፤ ለወጣቶች፣ ለወላጆችና ለካቴኪስቶች የቀረበ ትምህርት



እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከተገለጸ በኋላ የማለፊያ ውጤት ያገኙ ተማሪዎች ሊማሩባቸው የሚፈልጓቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል እንዲሞሉ ጥቂት ቀናት ይሰጣቸዋል። እነዚህ ቀናት በቦንጋ ከተማም ሆነ በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨናና በአዲዮ ወረዳዎች በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ የጭንቀት ቀናት ናቸው። አባት አንድ ይላል፤ እናት ሌላ ታስባለች፤ አጎት ከአዲስ አበባ ደውሎ ይመክራል፤ ጓደኛም «አብረን እንሁን» ይላል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወጣቶች ሰኞ የሞሉትን ረቡዕ ይለውጣሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ ይጸጸታሉ። አንዳንዶቹም፦ «ምርጫዬን ብለውጥ እግዚአብሔር ያዘጋጀልኝን መንገድ እንደ መተው ይቆጠርብኛልን?» ብለው ካቴኪስታቸውን ይጠይቃሉ።

ጥያቄው እንዲሁ በሁለት ቃል የሚመለስ አይደለም። «ጸልይ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መሸኘት አይበቃም። «የጻፍኸውን አትንካ» ማለትም ትክክል አይደለም። ስለሆነም በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን፤ በቅድሚያ ምርጫው በእውነት ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎ ቅዱስ መጽሐፍና የቅዱሳን ሕይወት ሐሳብን ስለ መለወጥ የሚያስተምሩንን፣ በመጨረሻም ወጣቱ፣ ወላጁና ካቴኪስቱ በተግባር ሊያደርጉት የሚገባውን።

1. ነገሩን በትክክል ማወቅ

ያላወቁትን መምረጥም ሆነ መለወጥ አይቻልም። በአገራችን አሠራር ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን መስመር የሚይዘው ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። ከፈተናው በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሞላው በዋናነት የዩኒቨርሲቲዎች ቅደም ተከተል ነው። ምደባው የሚሠራው የተማሪውን ውጤት፣ የሞላውን ቅደም ተከተልና የዩኒቨርሲቲዎቹን የመቀበል አቅም በማገናዘብ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በአብዛኛው የጋራ ትምህርቶችን እንዲማሩ ተደርጓል። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥና በአንደኛ ዓመት ውጤት መሠረት ነው። ይህን ባለማወቅ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «እገሌ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ሐኪም እሆናለሁ» ብሎ በመጨረሻው ሌሊት ምርጫውን የሚለውጥ ወጣት፣ የሕክምና ትምህርት ክፍል ለመግባት ገና ሌላ ውድድር እንደሚጠብቀው አላስተዋለም። በሌላ በኩል ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው በተልእኮ ስለ ተለዩ፣ የሚመኙት የትምህርት ክፍል በዚያ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ የግድ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመቀበያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ወደዚያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ለብቻው መከታተል ይኖርበታል።

ለእኛ አካባቢ ልጆች የምርጫው ስፋት ከቀድሞው የተለየ ነው። በወላጆቻቸው ዘመን ከቦንጋ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት ከቤት ርቆ መሄድ ማለት ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ የግብርና ኮሌጅና ከጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ውሕደት ተቋቋመ። ከዚያም ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ። ስለዚህ የዛሬው ወጣት «ቅርብ ወይስ ሩቅ?» የሚለውን ጥያቄ ወላጆቹ ባልተጠየቁበት መንገድ ይጠየቃል። ቅርብ ያለውን መናቅም ሆነ ሩቁን መፍራት፣ ሁለቱም ያለ ምርመራ ከተደረጉ ስሕተት ናቸው። ቡናና ጫካ፣ ማርና ቅመም በሞላበት ምድር ላይ ስለ ግብርናና ስለ ተፈጥሮ ሀብት ማጥናት ሊያሳፍር አይገባም። እንዲሁም ከሌላ ሕዝብ መካከል ኖሮ መማር የሚሰጠውን የአእምሮ ስፋት ማንም ሊያቃልል አይችልም።

2. ቅዱስ መጽሐፍ ሐሳብን ስለ መለወጥ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ከቁጥር 28 ጀምሮ ጌታችን ስለ ሁለት ልጆች ይነግረናል። አባታቸው በወይኑ ቦታ እንዲሠሩ ጠየቃቸው። አንደኛው እምቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው እሺ አለ፤ ነገር ግን አልሄደም። ጌታ ያመሰገነው ዘግይቶም ቢሆን ሐሳቡን ለበጎ የለወጠውን ነው። እንግዲህ ሐሳብን መለወጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የመጀመሪያ ቃልን አለመለወጥም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ሚዛኑ የአባትን ፈቃድ መፈጸም ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በዚህ ጉዳይ ተከሷል። ወደ ቆሮንቶስ ሁለት ጊዜ ሊሄድ አስቦ ነበር፤ በኋላ ግን የጉዞውን አሳብ ለወጠ። አንዳንዶችም ወላዋይ ነው ብለው አሙት። በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 1 ከቁጥር 15 ጀምሮ ለዚህ ሲመልስ፣ ያሰበውን በቀላል እንዳላሰበ ያስረዳል፤ በቁጥር 23 ላይም ወደ እነርሱ ያልሄደበትን ምክንያት ሲገልጽ ስለ እነርሱ በመራራት እንደ ሆነ ይናገራል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ሐዋርያው አሳቡን መለወጡን አልካደም። የለወጠበትን ምክንያት ግን በግልጽ መናገር ቻለ። ምክንያቱን በሰውና በእግዚአብሔር ፊት ሳያፍር መናገር የሚችል ሰው ወላዋይ አይባልም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ከቁጥር 28 ጀምሮ ደግሞ ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ ተቀምጦ ወጪውን አስቀድሞ ማስላት እንዳለበት ያስተምራል። «ተቀምጦ» የሚለውን እናስተውል። ቆሞ፣ በሩጫ፣ በሰው ስልክ፣ በኢንተርኔት ቤት ወረፋ መካከል የሚደረግ ስሌት ስሌት አይባልም። አባቶቻችንም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ።

3. ሦስት ዩኒቨርሲቲ የተመላለሰው ቅዱስ

በአገራችን የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት በኃላፊነት የመሩት ከካናዳ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የዚህ ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ስለ ምርጫ በጥልቀት ያስተማረ ቅዱስ ነው። እርሱ ራሱም ትምህርት ቤት ከመቀያየር አላመለጠም።

ኢግናጥዮስ እ.ኤ.አ. በ1491 የተወለደ የስፔን ባላባት ልጅ ነበር። በ1521 በጦር ሜዳ ከቆሰለ በኋላ ሕይወቱን ለእግዚአብሔር ሰጠ። ነፍሳትን ለመርዳት ትምህርት እንደሚያስፈልገው ስለ ተረዳ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት በባርሴሎና ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ የላቲን ሰዋስው መማር ጀመረ። በዚያ አንድ ነገር አጋጠመው። ቃላትን ለማጥናት በተቀመጠ ቁጥር ጥልቅ የሆኑ መንፈሳዊ አሳቦች ይመጡለትና ከጥናቱ ያወጡት ነበር። ሲጸልይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይመጣለትም። መርምሮም ይህ መልካም መስሎ የቀረበ ፈተና መሆኑን ተገነዘበ። ወደ መምህሩ ሄዶም የጀመረውን ትምህርት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ እንደሚከታተል ቃል ገባ። ከዚህ የምንማረው ከጀመርነው የሚያስለቅቀን አሳብ ሁሉ፣ መልካም ቢመስልም፣ ከእግዚአብሔር ነው ማለት እንዳልሆነ ነው።

ከባርሴሎና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1526 ወደ አልካላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያ ሎጂክን፣ የተፈጥሮ ፍልስፍናንና ነገረ መለኮትን በአንድ ጊዜ ለመማር ስለ ቸኮለ መሠረት ያለው ዕውቀት አላገኘም። ስለ መንፈሳዊ ነገር ለሰዎች በመናገሩም ተጠርጥሮ ታሰረ። በ1527 ወደ ሳላማንካ ተሻገረ፤ እዚያም ታሰረ፤ ሲፈታም በትምህርቱ ገና ስላልገፋ ስለ አንዳንድ ነገሮች እንዳያስተምር ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ወደ ፓሪስ ለመሄድ ወሰነ። ወዳጆቹ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ጦርነት ስለ ነበረ እንዳይሄድ ለመኑት፤ ፈረንሳዮች ስፔናውያንን በእንጨት ላይ ሰክተው ይጠብሳሉ የሚል ወሬ ሳይቀር ነገሩት። እርሱ ግን በወሬው አልተመለሰም። በየካቲት 1528 ፓሪስ ደረሰ። እዚያም ቸኩሎ የተማረው መሠረት እንደሌለው ስለ ተረዳ እንደገና ከሰዋስው ጀመረ። በኋላም የማስተርስ ማዕርግ ተቀበለ። ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል ያደሩት ቅዱስ ፍራንሲስ ሳቬርዮስና ብፁዕ ተብሎ ቆይቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ቅድስናው የታወጀለት ጴጥሮስ ፋብር የማኅበሩ የመጀመሪያ አባላት ሆኑ።

ይህ ቅዱስ ሦስት ዩኒቨርሲቲ ተመላልሷል። ሆኖም ወላዋይ አልነበረም። የለወጠው ቦታውን እንጂ ዓላማውን አልነበረም። ለመለወጥም ያነሣሣው እውነተኛ ምክንያት ነበረው። የለወጠውንም ከሥር ጀምሮ ለመሥራት ትሕትና አላነሰውም።

4. አዲስ ዕውቀት ወይስ አዲስ ስሜት?

ቅዱስ ኢግናጥዮስ «መንፈሳዊ ልምምድ» በተባለው መጽሐፉ ምርጫን ለሁለት ይከፍላል። እንደ ክህነትና እንደ ጋብቻ ያሉ ምርጫዎች አንድ ጊዜ ከተደረጉ የማይለወጡ ናቸው። ሌሎቹ ግን በቂ ምክንያት ሲገኝ ሊለወጡ ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ ወጣቱ ምርጫውን እንደ መሐላ ቈጥሮ ሊጨነቅ አይገባውም።

ሁለተኛው ትምህርቱ ደግሞ ይህ ነው፤ ልብ በጨለመበት፣ ጭንቀት በበዛበትና ተስፋ በቀነሰበት ጊዜ፣ ልብ ሰላም ሳለ የተወሰነውን ውሳኔ መለወጥ አይገባም። ሰላሙ እስኪመለስ መታገሥ ይገባል። የመጨረሻው ሌሊት በአብዛኛው የጭንቀት ሌሊት ነው። እንግዲህ ከዚህ አንድ ግልጽ መመሪያ እናወጣለን፤ አዲስ ዕውቀት ካገኘህ ለውጥ፤ አዲስ ስሜት ብቻ ከሆነ ታገሥ።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት ልጅ በእርጋታ አስባ፣ ከመምህሯና ከወላጆቿ ጋር ተማክራ ጅማን አንደኛ፣ ቦንጋን ሁለተኛ፣ ሐዋሳን ሦስተኛ አድርጋ ሞላች እንበል። ጊዜው ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት ነገሮች ደረሱባት። የክፍል ጓደኞቿ «ሁላችንም ሐዋሳን አንደኛ እናድርግ፤ አብረን እንሆናለን» አሏት። በዚያው ሳምንት ደግሞ እናቷ ታመመችና ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ክትትል እንደሚያስፈልጋት ተናገረ።

ሁለቱም ምርጫን ለመለወጥ የሚገፋፉ ናቸው፤ ነገር ግን እኩል አይደሉም። የጓደኞቿ ጥሪ አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ ብቻ የመሆን ፍርሃት ነው። ደግሞም ምደባው እያንዳንዱን በየውጤቱ ስለሚመለከት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሞሉም አብረው ለመመደባቸው ዋስትና የለም። የእናቷ ሕመም ግን ምርጫውን በሞላችበት ቀን ያልነበረ እውነት ነው። ስለዚህ ቦንጋን ወደ አንደኛ ማምጣቷ ተገቢ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልነው ገና መጠየቅ ያለበት ነገር ስላለ ነው። እናቷን የሚያስታምም ወንድም ወይም እኅት አለ? እናቷ ራሷስ ምን ትላለች? ብዙ ጊዜ የማስታመም ሸክም ሳይመከርበት በሴት ልጅ ላይ ብቻ ሲወድቅ እናያለን። በዕድሜ የሚበልጣት ወንድም በቤት ተቀምጦ ሳለ እርሷ ምርጫዋን እንድታጥፍ ማድረግ የፍቅር ሥራ መስሎ የሚሠራ በደል ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ቅዱስ ኢግናጥዮስ የሚሰጣቸው ሦስት መንገዶች ይረዳሉ። የመጀመሪያው፣ ወረቀት ወስዶ መለወጥ የሚያመጣውን ጥቅምና ጉዳት፣ እንዲሁም አለመለወጥ የሚያመጣውን ጥቅምና ጉዳት በየአንጻሩ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ የማላውቀው ሌላ ወጣት በእኔ ሁኔታ ላይ ሆኖ ቢጠይቀኝ ምን እመክረዋለሁ ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ሦስተኛው፣ በሞቴ ሰዓት ወደ ኋላ ዞሬ ስመለከት የትኛውን መርጬ ብገኝ እወድ ነበር ብሎ ማሰብ ነው።

«ውጤቴ ለእገሌ ዩኒቨርሲቲ አይበቃም ተባለ» በሚል ወሬ ብቻ መለወጥም አይገባም። የዘንድሮው ውድድር የሚታወቀው ሁሉም ተማሪ ምርጫውን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቁርጡን አውቃለሁ የሚል ሰው የሚናገረው ግምቱን ነው።

5. ለወላጆች

የወላጆች ፍርሃት መሠረተ ቢስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመንገድ ላይ መታገታቸውን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ ከሌሎች ክልሎች የሄዱ ልጆች ትምህርታቸውን አቋርጠው መውጣታቸውን ያልሰማ ወላጅ የለም። ስለ ልጅ ደኅንነት ማሰብ የእምነት ማነስ ሳይሆን የወላጅነት ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ፍርሃትም ዕውቀት ያስፈልገዋል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ አሁን የሚማር የአካባቢያችን ልጅ ይጠየቅ፤ መንገዱ እንዴት እንደ ሆነ በቅርቡ የተጓዘ ሰው ይጠየቅ። ከዚህ በኋላ መንገዱ በእርግጥ አስጊ ሆኖ ከተገኘ፣ በመጨረሻው ቀንም ቢሆን መለወጥ ጥበብ ነው።

የወጪውም ነገር አብሮ ይታሰብ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት ስለ ተዘረጋ ተማሪው የሚፈርመው ውል ምን እንደሚል ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ከዚህ በላይ ለመጓጓዣ፣ ለልብስና ለጽሕፈት መሣሪያ የሚወጣ ገንዘብ አለ። የቡናው ገንዘብ የሚገባበት ወርና ልጁ የሚጓዝበት ወር ላይገጣጠሙ ስለሚችሉ በግልጽ መነጋገር ይገባል። ልጅ የቤቱን አቅም ሳያውቅ እንዲመርጥ ማድረግ፣ በኋላም «አቅም የለንም» ብሎ በመጨረሻው ሰዓት ማስለወጥ ልብን ያቆስላል።

ከሁሉ በላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2230 የሚያስተምረውን እናስታውስ። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ሙያቸውንና የኑሮ ሁኔታቸውን የመምረጥ መብትና ግዴታ አላቸው፤ ወላጆች ሊያስገድዷቸው አይገባም፤ በጥበብ መምከር ግን ይችላሉ፤ ልጆችም ምክራቸውን በፈቃደኝነት ሊጠይቁና ሊቀበሉ ይገባል። ስለዚህ አባት ወይም አጎት የልጁን የይለፍ ቃል ወስዶ ያለ ልጁ ዕውቀት ምርጫውን ቢለውጥ፣ አሳቡ መልካም ቢሆንም እንኳ፣ የልጁን መብት መንካቱ ነው። ወጣቶችም የመለያ ቁጥራቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ለሚሞላላቸው ሰው ትተው አይሂዱ። የተሞላውን በዓይናቸው አይተው፣ ቅጂውን ይዘው ይውጡ።

6. በሩ ከተዘጋ በኋላ

የመሙያው ጊዜ ካበቃና ምደባው ከተገለጸ በኋላ የወጣቱ ተግባር ይለወጣል። እንደ ሕመም ያለ እውነተኛ ችግር ያለበት ማስረጃውን ይዞ አቤቱታውን በሚመለከተው መንገድ ያቅርብ። ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ ማሠራት ግን ውሸት ነው፤ በእውነት የታመመውን ወንድም ዕድልም ይነካል። እንዲህ ያለ ችግር የሌለበት ደግሞ የደረሰውን በጸጋ ተቀብሎ ወደ ሥራው ይግባ። «ያን ጊዜ ባልለውጥ ኖሮ» እያሉ አንድ ዓመት ማቃጠል የተሰጠውን መክሊት መቅበር ነው።

ይህን ስንናገር ጭራሹን ምርጫ የመሙላት ዕድል ያልደረሳቸውን ልጆቻችንን ልንረሳ አንችልም። ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በየቁምስናችን ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚጨነቅ አንድ ወጣት ሲኖር፣ ምርጫ የሌላቸው ብዙዎች በዙሪያው አሉ። ለእነርሱም የማካካሻ ትምህርት፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ የመምህራን ትምህርትና የግል ሥራ መንገዶች አሉ። የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሰውን ዋጋ የሚወስን ፍርድ አይደለም። ጉባኤያችን የተመደበውን ብቻ መርቆ የሚሸኝ ከሆነ፣ የቀረው ልጅ በእግዚአብሔር ቤትም እንደ ወደቀ ይቈጥረዋል።

7. የካቴኪስቱ ድርሻ

ካቴኪስቱ ዩኒቨርሲቲ መራጭ አይደለም። «እግዚአብሔር እዚህ ሂድ ብሎሃል» ማለትም አይገባውም። ድርሻው ወጣቱ በሰላም እንዲያስብ መርዳት ነው። ውጤት ከተገለጸ በኋላ ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶችንና ወላጆችን በአንድነት ሰብስቦ ማወያየት፣ በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የቁምስናው ልጆች ልምዳቸውን እንዲናገሩ ማድረግ፣ ስልክም ሆነ የኢንተርኔት መስመር በሌለበት ቀበሌ የሚኖሩት የመጨረሻውን ቀን በጊዜ እንዲያውቁ መልእክት መላክ ይችላል። ምርጫውን ለመለወጥ የሚመጣውን ወጣት ደግሞ አስቀድሞ «ከሞላህ በኋላ ምን አዲስ ነገር አወቅህ?» ብሎ ይጠይቀው። መልስ ካለው ይርዳው። መልስ ከሌለው አንድ ሌሊት አድሮ እንዲመለስ ይምከረው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በማቴዎስ 21 ከተነገረላቸው ሁለት ልጆች የትኛውን እንመስላለን? ለምን?
2. በቤታችን የልጆች ትምህርት ሲወሰን የሴት ልጅ ድምፅ ከወንድ ልጅ ድምፅ እኩል ይሰማልን?
3. በመጨረሻው ሰዓት ከሰማናቸው ምክሮች ዕውቀት የነበረው የትኛው ነው? ወሬ የነበረውስ?
4. ዩኒቨርሲቲ ላልገቡ ወጣቶች ቁምስናችን በዚህ ዓመት ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሰው ያስባል፤ እግዚአብሔር ይፈጽማል። ማሰቡ ግን ለሰው የተሰጠ ድርሻ ስለሆነ፣ ልጆቻችን በእርጋታ እንዲያስቡት እንርዳቸው። የጥበብ መንፈስ የሚመርጡትንና የሚመክሩትን ሁሉ ይምራ፤ አሜን።